የጓድ መንግሥቴ ስድስት ቡችሎች

ቡችላው የወደቀው ለምሳ ትንሽ ሲቀር ነው። መጀመሪያ መንጋጋውን ከፈት ገጠም አደረገ፣ ምራቁ አረፋ ሆነ፣ ከዚያ በጎኑ ተዘርሮ አራት እግሩን ባየር ላይ ይቀዝፍ ጀመር። የግቢው ዘበኛ ማረው ጠመንጃውን ከግድግዳ አስደግፎ ክብሪት ጫረና ጭሱን ባፍንጫው ሥር ያዘለት። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሲወድቅ ክብሪት ያሸቱታል፤ ማረውም የሚያውቀው ይህንኑ ነው። ደግሞስ የጓድ መንግሥቴ ውሻ በወረታ ከተማ ከብዙ ሰው የሚበልጥ ማዕረግ ነበረው፤ እንደ ሰው ቢታከም ማን ይፈርዳል።

አዛናው ተጠርቶ ሲደርስ ሦስተኛው ክብሪት እየነደደ፣ የቡችላው አፍንጫ ጫፍ ተለብልቦ ነበር።

«ጣለው» አለ።

«ሳያሸት እንዴት ይነሣል?»

«ጣለው ብየሃለሁ። እጅህንም ካፉ አርቅ፤ ሳያውቀው ጣትህን ይቆርጥልሃል።»

አዛናው የእንስሳት ጤና ረዳት ነው። ደብረ ዘይት ተምሮ፣ ወረታ ተመድቦ፣ አምስት ዓመት ሙሉ በፎገራ ሜዳ በክረምት ጭቃውን በበጋ አቧራውን እየረገጠ ከብት ሲከትብ ኖሯል። ውሻ ማከም ከሥራው አልነበረም። በሜዳው የታመመ ውሻ መድኃኒቱ ድንጋይ ነው፤ ድንጋይ ለማንሣት ደግሞ ባለሙያ አይጠራም። ቢሆንም ሰውየው ሙያውን ያውቅ ነበር፣ ይህን ማንም አይነሣውም። መስኮቱን ዘጋ። አጠገቡ የነበረውን በርጩማ አራቀ፣ ጆንያ አጥፎ ከራሱ ሥር አስገባለት፣ በቤቱ ያለው ሁሉ ዝም እንዲል አዘዘ፣ ከዚያ ሰዓቱን እያየ ተቀመጠ። አላቀፈውም፣ ጨምድዶ አልያዘውም፣ አፉን ልፈልቅቅ አላለም። ከአራት ደቂቃ ተኩል በኋላ እግሮቹ ቀስ እያሉ ቆሙ። ያኔ ጨርቅ በውኃ ነክሮ መዳፎቹን አበረደለት፣ ዓይኑ ላይ የደረቀውን መግል ጠረገለት።

«አብዷል እንዴ?» አለ ከበሩ ላይ የቆመው ጓድ መንግሥቴ። ማረው ወደ ጠመንጃው አየ።

«እብደት አይደለም ጓድ። ሰሞኑን ሲያስለው አልሰነበተም? ዓይኑ መግል ይዟል፣ መዳፉም ደርቋል። የቡችሎች በሽታ ነው። በትኩሳት ይጀምርና ናላ ላይ ይወጣል፤ ናላ ላይ ሲወጣ እንዲህ ይጥላቸዋል።»

ጓድ መንግሥቴ የሜዳው የምርት ዘመቻ አስተባባሪ ነበር። ጊዜው ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ስድስት ነው፤ በዚያ ጊዜ አስተባባሪ ማለት የሚታረሰውንም፣ የሚታጨደውንም፣ የሚታሰረውንም የሚያዝዝ ሰው ማለት ነው። ሲያዩት ግን ክፉ አይመስልም። ሳቂታ ነው፣ ለልጆች ከረሜላ ያድላል፣ ለቅሶ ቤት ሳይደርስ አይቀርም። ቬራ የምትባለውን ትልቅ የፈረንጅ ውሻ ካሥመራ ድረስ በመኪና አስመጥቶ ሰባት ወልዳለታለች። ሰባቱም ዓይናቸውን ሳይገልጡ ጌታ ጌታ ተመድቦላቸዋል፤ ሦስቱ ጎንደር ላሉት አለቆቹ፣ ሌሎቹም ከዚያ በላይ ላሉት። ጓድ መንግሥቴ ከሜዳው ወባና ጭቃ የሚወጣው በእነዚህ ቡችሎች ጀርባ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ይህን ማረውም ያውቀዋል።

«መድኃኒት የለውም?»

«ለሰው የሚሰጥ የሚጥል በሽታ ክኒን አለ። እሱ መውደቁን ያበርድለታል። በሽታውን ግን አያድነውም።»

«ስድስቱስ?»

«ይጋባል ጓድ። ዛሬውኑ ይለዩ፤ ሳህናቸውም ይለይ፣ ይህን የነካ ሰው እነዚያን አይንካ።»

«መለየት ብቻ?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረበት። ዝም ቢል ኖሮ ይህ ታሪክ የአንድ ቡችላ ታሪክ ሆኖ ይቀር ነበር። ነገር ግን አዛናው አምስት ዓመት ሙሉ ዕውቀቱን የሚጠይቀው ሰው ያጣ ሰው ነው። ገበሬው «መርፌህ ላሜን አስወረዳት» ከማለት በቀር ሌላ ነገር አንሥቶለት አያውቅም። አሁን ደግሞ የሜዳው ጌታ ፊቱ ቆሞ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ይሰማዋል።

«ለውሻ የተሠራው ክትባት እኛ ጋ የለም» አለ። «ግን አስተማሪያችን አንድ ነገር ነግረውን ነበር። ደስታ የሚሉት የከብት በሽታ፣ የልጆች ኩፍኝና ይህ የቡችሎች በሽታ እኅትማማቾች ናቸው። ያንዷ ክትባት ለሌላዋ ይረዳል። በውጭ አገር ለቡችላ የሕፃናቱን የኩፍኝ ክትባት ይሰጡታል።»

«የኩፍኝ ክትባት» አለ ጓድ መንግሥቴ።

«እንዲያው የተማርነውን ልንገርዎ ብየ ነው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላል ያገሬ ሰው። ጓድ መንግሥቴ ከዚያ ወዲያ ምንም አልጠየቀም። ትከሻውን መታ መታ አደረገውና «አንተን የመሰለ ሰው ከበረት አስቀምጠን» አለው። አዛናው ያን ቀን ወደ ቤቱ ሲሄድ እግሩ መሬት አልነካም።

የታመመው ቡችላ በክኒኑ ሦስት ቀን ቆየ። በአራተኛው ቀን በየሰዓቱ ይወድቅ ጀመር፣ ሲነሣም ግድግዳውን በራሱ እየገፋ ይዞራል። ጓድ መንግሥቴ ይብቃው አለ። ማረው ጠመንጃውን ሲያቀባብል ግን ከለከለው፤ ጥይት የሕዝብ ንብረት ነው። ማረውም ከጓሮ ወስዶ በመጥረቢያ ጀርባ ጨረሰው። የተረፉትን ሦስት ክኒኖች አዛናው በወረቀት ጠቅልሎ ከኮቱ ኪስ ከተተ።

ከጥምቀት በኋላ ባለው ሐሙስ የክትባት ቡድን ወረታ ገባ። በከተማው ኩፍኝ ብቅ ብቅ ማለት ጀምራ ስለነበር ከየቀበሌው እናቶች ከንጋት ጀምሮ ከጤና ጣቢያው ባሕር ዛፍ ሥር ተሰልፈዋል። አዛናው ከሚስቱ ከደብሬ የወለዳት አንዲት ልጅ ነበረችው፣ ንግሥቲ ትባላለች፣ አሥር ወሯ ነው። ሁለት ተጨናግፈው ነው እሷ የቆመችላቸው። በሁለት ጥርሷ የአባቷን አገጭ መንከስ ትወድ ነበር፣ እሱም ለመነከስ ሲል ፂሙን በየማለዳው ይላጭላታል።

«ከፀሐይ ላይ ቆመሽ አታቃጥያት» አላት ደብሬን ኮቱን እየለበሰ። «ሰልፍ አትያዢ። ከጥላው ቁጭ በይ። ሦስት ሰዓት ላይ እመጣና ከፊት አስገባሻለሁ፤ ከታቢው ገብረ ኪዳን ጓደኛየ ነው።»

«እንደ ሰው ተሰልፌ ብጨርስ ምን አለበት?»

«የሠራተኛ ሚስት ነሽ። ምን ሆነሽ ትጋፊያለሽ?»

«ትረሳኛለህ እኮ።»

«ንግሥቲ ትሙት፣ ሦስት ሰዓት ላይ እመጣለሁ።»

በእኛ አገር መሐላ የሚጸናው በሚወዱት ሰው ሞት ነው። ጠላትህ ይሙት ብለህ ብትምል ማን ያምንሃል? ስለዚህ ሰው ለረባው ላልረባው፣ ለጠፋ ገመድም ለሐሜትም ልጁን ሲገድላት ይውላል፣ ማታም አቅፏት ይተኛል። አዛናውም በቀን አሥር ጊዜ ንግሥቲን ይገድላት ነበር። መሐላውን ደብሬ ለመደችው እንጂ አትወደውም፣ ሁልጊዜም «በኔ ማል» ትለው ነበር።

ጧት ሁለት ሰዓት ላይ አዛናው ተጠርቶ ጓድ መንግሥቴ ግቢ ሲደርስ ጠረጴዛው ላይ ፔርሙዝ ተቀምጦ አገኘ። ክዳኑን ሲከፍተው በረዶ፣ በረዶው ውስጥ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ከነመበጥበጫ ውኃዋ። ማንም ምንም አልነገረውም፣ መጠየቅም አላስፈለገውም። የአሥር ሕፃናት የኩፍኝ ክትባት ብልቃጥ ናት።

«ጓድ፣ ይህ እኮ…»

«ብዙ ነው ያመጡት» አለ ጓድ መንግሥቴ። «አንድ ብልቃጥ ምን ታጎድላለች? ይልቅ ሳትሞቅ ፍጠን።»

ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ። አዛናው የላም መርፌውን ቀቀለ። ብዙ አምጥተው ከሆነማ ምን አለበት ብሎ አሰበ፤ ሰው ሊያደርገው ለቆረጠው ነገር ሁሉ እንዲህ ያለ ሐሳብ አያጣም። እናቲቱ ቬራ ግን አልተመከረችም። ልጆቿን ሊነካ እጁን ሲሰድ የኮቱን እጅጌ ከክርኑ እስከ አንጓው ዘነጠለችው። ማረው በጠፍር ጠልፎ ከግንድ እስኪያስራት ድረስ አንድ ሰዓት ተኩል አለፈ። እሷ ስለልጆቿ የታገለችውን ያህል የታገለ በዚያ ግቢ አልነበረም።

ስድስቱን አንድ በአንድ ወጋ። የጠጉራቸው ቀለም ጥቁርና ዳማ ነው፣ ሆዳቸው ይሞቃል፣ ሲወጉ ጩኸታቸው የሕፃን ነው። ሲጨርስ ብልቃጧን ወደ ብርሃን አንሥቶ አያት።

«የአራት ልጅ ቀርቷል» አለ። «ሮጬ ልመልሰው? ከባሕር ዛፉ ሥር ሰልፍ አለ።»

ጓድ መንግሥቴ ሳቀ። «የት ነበር ሲሉህ ምን ትላለህ? ወረቀቱ ላይ ለአምራች ማኅበሩ ስድስት ሕፃናት ብየ ነው የጻፍኩት። የተከፈተ ብልቃጥ ይዘህ ብትሄድ ሕፃናቱን ማን ወጋቸው ይሉሃል፣ የላም ሐኪም ወጋቸው ሊባል ነው። ሥራህን ትጠላዋለህ?»

አዛናው ብልቃጧን ወደ በረዶው መለሳት።

«አራቱን ድገማቸው። ማን ያውቃል፣ ይበልጥ ይጸናባቸው ይሆናል።»

አይጸናም። አንዴ ከያዘ ያዘ ነው፣ መድገሙ ከንቱ ነው፤ ይህን አዛናው ከማንም የበለጠ ያውቀዋል። ደገማቸው። አራቱን ቡችሎች ዳግመኛ አስጮሃቸው፣ ብልቃጧንም ማረው ከዚያ ከመጥረቢያው ቦታ አጠገብ ቀበራት። ከዚያ ምሳ ቀረበ። ጓድ መንግሥቴ «ሳትቀምስማ አትሄድም» አለ፤ እንዲህ ሲል ግብዣ ይሁን ትእዛዝ በሜዳው ለይቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ጥሬ ሥጋ በላ። ሰዓቱን እያየ በላ፣ እየጣፈጠውም በላ።

ጤና ጣቢያው ሲደርስ ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ገብረ ኪዳን ጠረጴዛውን እያጠፈ ነው። ከባሕር ዛፉ ሥር አምስት ያላስከተቡ እናቶች ብቻ ቀርተዋል፣ አንዷ ደብሬ ናት፣ እንደታዘዘችው ከጥላው ቁጭ ብላለች።

«አለቀ» አለ ገብረ ኪዳን። «ዘንድሮ ቆጥበው ነው የሰጡን፣ ጧት ደግሞ አንዱን ብልቃጥ ለጓድ መንግሥቴ ማኅበር ወሰዱብኝ። የሚቀጥለው ወር ይምጡ። ምነው አንተ ቀደም ብለህ አልነገርከኝም?»

ባለሱቁ የሳልህ ሚስት ሸሪፋ ልጇን አዝላ ልትሄድ ስትል ዞር ብላ አዛናውን አየችው። «ኧረ አንተ ሰው፣ ስንት ጊዜ ከፊቴ ግቢ ብየ ለመንኳት። ባሌ ይመጣል እያለች እምቢ አለች። ለኔው የመጨረሻዋ ጠብታ ደረሰችው፣ አልሐምዱ ሊላህ።»

ደብሬ አልተቆጣችም። የተቀደደውን እጅጌውን አየች፣ ደነገጠች፣ ልጅቱን አስይዛው ኮቱን ታራግፍለት ጀመር።

«ምን ነካህ? ይኸስ የምን ጠጉር ነው?»

«የጥጃ። አንድ ጥጃ አስቸግሮኝ ነው የቆየሁት።»

«ጥቁርና ዳማ» አለች ጠጉሩን በጣቷ ይዛ። «ምን ያለ ጥጃ ነው?» ከዚያ እፍ አለችው።

መንገድ ላይ አዛናው ሲያሰላ ሄደ። የቀሩት እናቶች አምስት፣ የተረፈው የአራት ልጅ። ደብሬ መጨረሻ ላይ ስለነበረች ቢመልሰውም ላይደርሳት ይችል ነበር። በዚህ ተጽናና። ማጽናኛውም እስከ የካቲት ድረስ አገለገለው፤ የሌቦች ማጽናኛ ከዚያ በላይ አይከርምም።

በቅበላው ሳምንት ንግሥቲ አሰላት። ዓይኗ ቀላ፣ አፍንጫዋ ዘነበ፣ በአራተኛው ቀን ከጆሮዋ ጀርባ ጀምሮ ሽፍታው ፊቷን አለበሰው። የደብሬ እናት እማማ እናኑ ከይፋግ መጥተው ቤቱን ያዙ። መስኮቱን በጋቢ ጋረዱ። ከውጭ የመጣ ሰው ዓይን እንዳያርፍባት በሩን ከለከሉ፣ ገላዋ ውኃ እንዳይነካው አዘዙ።

«መርፌ እንዳታስነካት» አሉ። «ኩፍኝ መርፌ አትወድም። ወደ ውስጥ ትመለስና ትገድላለች። የወጣችው ትውጣ።»

«እሜቴ፣ ትኩሳቷን እንኳ በርጥብ ጨርቅ…»

«አንተ የከብት ሐኪም ነህ ልጄ። ሰባት አሳድጌአለሁ።»

ሰባት አሳድገዋል፣ ሦስት ቀብረዋል፣ ሦስቱን አልቆጠሩም። አዛናው መከራከር ይችል ነበር። አባት ነው፣ የተማረ ነው፣ ቤቱም የሱ ነው። ነገር ግን አፉን በከፈተ ቁጥር ስለ ክትባት የሚወራ ወሬ እንዳይከፍት ፈራ። ለጓድ መንግሥቴ ሲሆን የፈታው ምላስ ለልጁ ሲሆን ታሰረ፣ እኔም ይህን ይቅር ልለው አልቻልኩም።

ሽፍታው ጠቆረ፣ ትኩሳቱ በረደ፣ ንግሥቲ ጡት ጠባች። እማማ እናኑ እልል አሉ። ሁለት ቀን እንዲህ ደስ ብሏቸው ዋሉ። በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ትኩሳቱ ተመልሶ መጣ፣ ልጅቱም ከእናቷ ጭን ላይ መንጋጋዋን ከፈት ገጠም አደረገች።

አዛናው አወቃት። ያቺን አፍ አይቷታል።

እማማ እናኑ ክብሪት ጫሩ። እሱ ከእጃቸው ላይ መትቶ ጣለው፤ አማቱን ሲነካ ያ የመጀመሪያው ነው። ልጅቱን ከደብሬ እጅ ተቀብሎ በጎኗ አስተኛት። ያንገቷን ማተብ አላላ፣ ነጠላ አጥፎ ከራሷ ሥር አደረገ፣ «አትያዟት፣ አፏን አትንኩ፣ ዝም በሉ» አለ፣ ሰዓቱን አየ። ቤቱ ውስጥ የእግሮቿ መንፈራገጥ ብቻ ይሰማል። አራት ደቂቃ ተኩል አለፈ። አላቆመችም። በሰባተኛው ደቂቃ ቀስ እያለች ቆመች። መዳፎቿን በርጥብ ጨርቅ አበረደ።

«ከየት ተማርከው?» አለች ደብሬ። ፊቷ ላይ ተስፋ ነበር። «ታውቀዋለህ ማለት ነው? ትድናለች?»

አዛናው ከኮቱ ኪስ ያን የክኒን ወረቀት አወጣ። ክኒኑ ለሕፃን ስንት እንደሚሰጥ አያውቅም፣ ለቡችላው ግን ሩብ ነበር፣ ክብደታቸውም አይራራቅም። ሩቡን ፈጭቶ በማንኪያ ውኃ በጥብጦ አጠጣት። ከዚያ ወደ ጓድ መንግሥቴ ግቢ ሮጠ፤ በዚያ ሰዓት ሕመምተኛ ባሕር ዳር ሊያደርስ የሚችል መኪና ወረታ ውስጥ የጓድ መንግሥቴ ላንድሮቨር ብቻ ነበር።

ማረው ከበሩ ላይ ቆሟል። «ጓድ ጎንደር ሄደዋል» አለው። «ቡችሎቹን ሊያስረክቡ። ብታያቸው እንዴት ወፍረዋል መሰለህ። እጅህ ይባረክ።»

ንግሥቲ ያደረችው እየወደቀች ነው። ጧት በመጀመሪያው አውቶቡስ ባሕር ዳር ሊሄዱ ተሳፈሩ። ደብሬ ልጅቱን በነጠላ ጠቅልላ ከደረቷ ለጥፋታለች፣ አዛናው መስኮቱን ከንፋስ ዘግቷል። ሐሙሲት ሳይደርሱ ደብሬ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

«ቀዝቅዛለች» አለችው በሹክሹክታ። «ዝም በል። ካወቁ ከሜዳ ላይ ያወርዱናል።»

ዝም ብለው ሄዱ። ከፊታቸው የተቀመጠች ሴት ዞር ብላ «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት፣ አታለቅስም» አለች። ደብሬ «አሜን» አለቻት። ሐሙሲት ወረዱና በጨው ጫኝ መኪና ወደ ወረታ ተመለሱ።

ቀብሩ አጭር ነበር፤ የሕፃን ቀብር አይረዝምም። ሰው «ምትክ ይስጣችሁ» እያለ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ጥቂት ጎረቤትና የነፍስ አባታቸው መምሬ ወልደ ሥላሴ ተቀምጠው ሳለ ውጭ መኪና ቆመ። ጓድ መንግሥቴ ገባ። ዓይኑ ቀልቷል፣ እውነት አዝኗል፤ ለቅሶ ሳይደርስ የማይቀር ሰው ነው ብያለሁ። ካፖርቱን ገለጠና ከብብቱ አንዲት ጥቁርና ዳማ ቡችላ አወጣ።

«ሌሎቹ ሄዱ፣ ይችን ላንተ አስቀረኋት» አለ። «የጎንደሩ አለቃየ ሁለት ፈልጎ ነበር፣ እምቢ አልኩት። ባለውለታየ ነህ። እንግዲህ ማስረሻ ትሁናችሁ።»

ውሻ ከቤት ውስጥ፣ ያውም በሐዘን ቤት፣ ያውም ካህን ከተቀመጠበት ምንጣፍ አጠገብ። ሁሉም ወደ መምሬ አየ። መምሬ ወደ ጓድ መንግሥቴ ሽጉጥ አዩና ኩታቸውን አስተካከሉ። ቡችላዋ እየተወዛወዘች ሄዳ ደብሬ ጭን ላይ ወጣች፣ አገጯንም በትንንሽ ጥርሶቿ ያዝ አደረገቻት።

ደብሬ ሦስት ቀን ሙሉ እንባ አልወጣትም ነበር። ያኔ አለቀሰች።

ሰው ሁሉ ሲሄድ፣ እማማ እናኑም ውኃ ሊቀዱ ሲወጡ፣ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ቡችላዋ ደብሬ ጭን ላይ ተኝታ ሆዷ ከፍ ዝቅ ይላል። ደብሬ በጣቷ ጆሮዋን ትዳብሳለች።

«ይችስ?» አለች። «ይችስ አትሞትብኝም?»

«አትሞትም።»

«ማል።»

አፉ ለምዶበት ተከፈተ። «ንግሥቲ ት…» አለና ቃሉ አፉ ውስጥ ቀረ። ደብሬ ቀና ብላ አየችው። ያን ዓይን ለማምለጥ ሲል፣ ሌላ የሚለው ቢያጣ፣ እውነቱን ተናገረ።

«አትታመምም። ተከትባለች።»

«ውሻ?»

«አዎ።»

«የምን ክትባት?»

አዛናው የኮቱን እጅጌ በመዳፉ ሸፈነ።

«መቼ?»

ደብሬ ከቡችላዋ ጀርባ አንዲት ጠጉር ነቀለች። ወደ በሩ ብርሃን አንሥታ አየቻት፣ ከሥሯ ጥቁር፣ ጫፏ ዳማ። ከዚያ ዓይኗን ወደ ኮቱ መለሰች፤ እጅጌውን ራሷ ናት የሰፋችው። አልጮኸችም፣ ፊቷን አልነጨችም፣ ጠጉሯንም እንደዚያን ቀን እፍ አላለቻትም። ቡችላዋን ንግሥቲ በሞተችበት ነጠላ ቀስ አድርጋ ሸፈነቻት፣ እንዳትነቃባት።

«እንግዲህ በዚች ትምላለህ» አለችው።